ዕቃ ካርቶን ይወዳል

ኮምፒውተሬ ስክሪን አልነበረውም። ለዓይነ ስውር ሰው ስክሪን መግዛት ለራሰ በራ ማበጠሪያ እንደ መግዛት ነው ብዬ ተውኩት። ሳጥኑ፣ ኪቦርዱና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ይበቁኝ ነበር። እሱ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? እናቴ በሳጥኑ ውስጥ የሚናገረውን ድምፅ «ፈረንጁ» ትለው ነበር። ታዲያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈረንጁን በገዛ እጄ ድዳ አደረግሁት።

ጊዜው ሞባይል ገና ወገብ ላይ ታስሮ የሀብት ምልክት የሆነበት ዘመን ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» ስል ኖሬ ሳለ ማዞሪያው በአውቶማቲክ ሊተካ ነው የሚል ወሬ መጣ። የመሥሪያ ቤት ወሬ ሁልጊዜ ውሸት አይሆንም፤ ይሄኛው እውነት ሆነ። በውጭ ደብዳቤዎች ክፍል አንድ ክፍት ቦታ ስለ ነበረ፣ እንግሊዝኛዬም ከማንም ስለማያንስ፣ ወደዚያ አዛውሩኝ ብዬ አመለከትኩ። የማያይ ሰው እንዴት ደብዳቤ ያነባል አሉ። ኮምፒውተር ያነብልኛል አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ በፊቱ ቀርቦ አንድ ደብዳቤ እንዲያነብ ወሰነ። ካነበበ ወደ ደብዳቤ ክፍል፣ ካላነበበ ወደ ቤቴ ነበርኩ።

የሚያነብ ፕሮግራም ቀድሞም ነበረኝ። ዋጋው ለእኔ የማይቀመስ ስለ ሆነ የምጠቀመው ለሙከራ የሚሰጠውን ነበር፤ የሙከራው ደግሞ አርባ ደቂቃ ካነበበ በኋላ ዝም ይላል። እንደገና ለማናገር ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። አርባ ደቂቃ ምናልባት ለሌላ አገር ስብሰባ ይበቃ ይሆናል። የእኛ ሰብሳቢ ግን በአርባ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግራቸውን እንኳ አይጨርሱም። ማሽኑም ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ በርቶ እንዲጠብቅ አዘዋል፤ በጉባኤ መሐል የሚነሣ ነገር አይወዱም። ደብዳቤው ላይ ስንደርስ ፈረንጁ እንደሚተኛብኝ ታየኝ።

ስለዚህ ከሐዋሳ ከመጣ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚሰጥ ሥርዓት በሲዲ ተዋስኩ። ይናገራል፣ ሰዓት አይቆጥርም። ለእሱም ብዬ ከመርካቶ ድምፅ የሚያወጣ አዲስ ሳውንድ ካርድ ገዛሁ፤ የቀድሞውን አጥፍቼ ሊኑክስን ጫንኩ። ሠራ። ችግሩ ማሽኔ አሮጌ ነበረችና አንድ ነገር ጠይቄያት መልሱ የሚመጣው ጥያቄውን ከረሳሁ በኋላ ነው። መምህሩ ቅዳሜ ሲዲውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ «ለማሽንህ የሚሆን ቀለል ያለ ከርነል ራስህ ብትሠራ ይፈጥናል» አለኝ። ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው።

ከርነል ውስጥ ደግሞ ድራይቨር የሚባሉ አሉ። ድራይቨርን መርካቶ ላደገ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ደላላ ማለት ነው። ዕቃው የራሱን ቋንቋ ያወራል፣ ከርነሉም የራሱን፤ መሐል ገብቶ የሚያስማማው ደላላው ነው። ደላላ ከሌለ ዕቃው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦም እንደሌለ ይቆጠራል። በሲዲው የመጣው ከርነል በዓለም ላይ ላለ ዕቃ ሁሉ ደላላ ይዞ ስለሚዞር ነው ምስኪኗ ማሽኔ የደከመችው። እኔ የማያስፈልጉኝን ማባረር ነበረብኝ።

ሥራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ ይመጣል፤ አዎ ወይም አይ ማለት ነው። ይህን የስክሪን ካርድ ትፈልጋለህ? አልፈልግም። ካሜራ? አልፈልግም። ቴሌቪዥን? ኧረ ወዲያ! «አልፈልግም» ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። መርካቶ ውስጥ ዱላዬን ይዤ ቆም ባልኩ ቁጥር አንድ ደግ ሰው ክንዴን ይዞ ልሻገር ያላሰብኩትን መንገድ ያሻግረኛል። እኔም አመስግኜው፣ ራቅ እስኪል ጠብቄ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ። ያን እሑድ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ክንዴን ሳይነካኝ የማልፈልገውን ሁሉ አልፈልግም አልኩ።

ሳውንድ ካርድ የሚለው ላይ ስደርስ አልተጨነቅኩም። ካርዱን ስገዛ ነጋዴው የካርቶኑን ስም አንብበውልኛል፤ ታዋቂ ስም ነው። ለዚያ ስም ብቻ አዎ ብዬ የቀሩትን የድምፅ ደላሎች በሙሉ አሰናበትኩ። አዲሱ ከርነል ተሠርቶ እንዳለቀ ዲስኬ ጠባብ ስለ ነበረች አሮጌውን አጠፋሁት። አሮጌው ቢኖር በእሱ ተነሥቼ ስሕተቴን አስተካክል ነበር። ይህን ሥራ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሲደርስ ራሱን እንደሚይዝ ይታየኛል፤ ይያዝ፣ ይገባኛል።

ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ሲነሣ ማራገቢያው ይሰማኛል፣ ዲስኩም ሲንኳኳ ይሰማኛል። ድምፅ የለም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ።

«ምነው ፈረንጁ ዝም አለ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«እያሰበ ነው» አልኳት።

ለሚያይ ሰው ድምፅ ሲጠፋ ዘፈን ጠፋ ማለት ነው። ለእኔ ግን ስክሪኑም፣ ጽሑፉም፣ ምን እንደ ተበላሸ የሚናገረው ማስጠንቀቂያም አብሮ ነው የጠፋው። ኪቦርዱ ይሠራል፤ በልቤ የማውቃቸውን ትእዛዞች መጻፍ እችላለሁ። መልሱን ግን ሌላ ሰው ካላነበበልኝ አላገኘውም። ለማንበብ ስክሪን ያስፈልጋል፤ ያን ደግሞ በትዕቢት አልገዛሁም። ሰኞ ጠዋት የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ካርዱን ወደ ሸጡልኝ ወደ ሐጂ ሱቅ ወረድኩ።

የሐጂ ሱቅ ከሲኒማ ራስ ወደ ሰባተኛ ሲኬድ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደዳ ውስጥ ነው። ከታክሲ ስወርድ አንዱ ደግ ሰው ሳጥኑን ልሸከምልህ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩ። ሌላው ሳይጠይቅ መንገድ አሻገረኝ። ሳጥኑን እንደ ተሸከምኩ ተመልሼ ለመሻገር አንድ ሦስተኛ ደግ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

ሐጂ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው በራዲዮ ጥገና የጀመሩ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አልተማሩም። ሆኖም አርባ ዓመት ካርቶን ሲያነቡ ስለ ኖሩ በላቲን ፊደልና በቁጥር ማንም አይችላቸውም፤ የማይችሉት ቃሉን መተርጎም ብቻ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ያለ ማንገራገር ከመደርደሪያ አንድ ሞኒተር አውርደው ሰኩልኝ። እኔም ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ካርዶች በሙሉ ከነስማቸው የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ።

«ምን ይላል፣ ሐጂ?»

«ኧረ ብዙ ነገር ይላል!»

«እስቲ ፊደል በፊደል ያንብቡልኝ።»

ማንበብ ጀመሩ። ዕቃ እንደሚያስቆጥር ሰው በዜማ ነው የሚያነቡት፤ መስመር ሲጨርሱ «እሺ፣ ቀጣይ» ይላሉ። አራት አምስት መስመር እንዳነበቡ ሱቁ ውስጥ ሰው ገባ፤ በእግራቸው ኮቴ ሦስት ናቸው። ስለ ሳውንድ ካርድ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ሐጂ «አንዴ ታገሱኝ» አሏቸውና ወደ እኔ ተመለሱ።

«ኤ፣ ዩ፣ ዲ፣ አይ፣ ኦ የሚል መስመር አለ?» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚለው ቃል ነው።

«የለም።»

«ሌላስ ምን ይላል?»

«ሌላማ… ሁሉ ሰላም ነው ይላል።»

ኮምፒውተር ሁሉ ሰላም ነው ብሎ እንደማይጽፍ አውቃለሁ። ግን መርካቶ ውስጥ ገበያ እንዴት ነው ሲባል የሚመለሰው መልስ ይኸው ስለ ሆነ፣ ሐጂ የቀረውን ጠቅለል አድርገው የነገሩኝ መሰለኝ። መስመሩ ከሌለ ማሽኑ ካርዱን ጭራሽ አላየውም ማለት ነው። ደላላ ቢጠፋ እንኳ የዕቃው ስም ዝርዝሩ ላይ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ካርዱ ሞቷል፣ ወይም የተሰካበት ቦታ ቆሽሿል።

ሐጂ ካርዱን ነቅለው እግሩን በላጲስ ፈተጉት፤ እንዲህ ያለ ሕክምና መርካቶ ውስጥ ብዙ ዕቃ አድኗል። ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛወሩት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አነበቡ፣ እንደገና «የለም» አሉ። በመጨረሻ «ምናልባት ያ አንተ የሠራኸው ነገር ይሆናል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ከማሽኑ ዝምታ ይልቅ ይሄ አናደደኝ። ቤቴ ገብቼ ማክሰኞን ቀኑን ሙሉ፣ አንዲት ፊደል ሳልሰማ፣ ሁሉን በልቤ እየጻፍኩ ከርነሉን ሁለት ጊዜ አዲስ አድርጌ ሠራሁ። አንዱ ለመሠራት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱም ጊዜ ማራገቢያውን ብቻ ሰማሁ። ማታ እናቴ ሐሙስ የምለብሰውን ሸሚዝ ስትተኩስ «ፈረንጁ ተሻለው?» አለችኝ። ፈርቼ ነበር። ለሰባት ዓመት ቤታችን የገባው እንጀራ በእኔ ደመወዝ ነው።

ረቡዕ ሳጥኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሐጂ ገና ድምፄን ሲሰሙ ወንበር ሳቡልኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ስኳር ጨመሩልኝ፤ አማሰሉልኝ። ቀጥሎ ክፉኛ የሚያስደነግጥ ነገር ተናገሩ።

«የካርዱን ገንዘብ ልመልስልህ።»

ሱቃቸው ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ባላየውም ካርዱን የሸጡልኝ ቀን ሁለት ጊዜ አንብበውልኛል። መርካቶ ተወልጄ አድጌ፣ ሳይጠየቅ ገንዘብ ልመልስ ያለ ነጋዴ ያን ቀን ገና ማግኘቴ ነው። ሻዩን አስቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ሰኞ ዕለት የዘለሉት ነገር አለ?»

በጠባብዋ ሱቅ ውስጥ አንዱ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል።

«አንድ መስመር» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት መስመር ናት።»

«ምን የሚል?»

«ያልከው ቃል አለበት። ከሱ ቀጥሎ የካርዱ ስም አለ። ግን ስሙ… ካርቶኑ ላይ ያለው አይደለም። ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ? ካርዱ ከአስመጪው ሲመጣ እንዲሁ በላስቲክ ነው የሚመጣው። በላስቲክ ማን ይገዛኛል? ዕቃ ካርቶን ይወዳል። ያገኘሁት ካርቶን ውስጥ አደረግኩት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ወላሂ። ካርዱ ደግሞ ጥሩ ካርድ ነው! ማሽኑ በሦስት ደንበኛ ፊት ስሙን አውጥቶ ሲጽፈው ግን አንደበቴ እንቢ አለኝ።»

ተቆጣሁ። የተቆጣሁት በካርቶኑ አይደለም፤ መርካቶ ተወልዶ ካርቶን ያመነ ሰው ማንን ይከሳል? «ሐጂ» አልኩ፣ «ነገ እንጀራዬ የሚቆረጥበት ቀን ነው። ሰኞ ዕለት እዚህ ሱቅ ውስጥ የነበረኝ ዓይን የእርስዎ ብቻ ነው። እሱን ከለከሉኝ።»

ሐጂ ተነሥተው ሄዱ። ቀጥሎ የሱቁ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ ሰማሁ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ በደራበት ሰዓት፣ ሐጂ ሱቃቸውን እስከ ግማሽ ዘጉ። ተመልሰው ሞኒተሩን ሰኩና «ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡ። ነጥብ አልዘለሉም፤ ሰረዝ አልዘለሉም። የካርዱ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ግን ሁለት ፊደልና አራት ቁጥሩን ጨርሰው አነበቡልኝ፤ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ሳልጠይቃቸው ደገሙት። ስሙን አውቀዋለሁ። እሑድ ዕለት በደስታ ካሰናበትኳቸው ደላሎች አንዱ ነው። በዚያ ሁሉ አልፈልግም መሐል የምፈልገውን አባርሬዋለሁ።

ከርነሉን እዚያው ሱቁ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ሐጂ በየሩብ ሰዓቱ «ስንት ቀረው?» ይሉኛል። ደንበኛ ሲመጣ በግማሹ መዝጊያ ጎንበስ ብለው «ዛሬ ሥራ አለብኝ» እያሉ ይመልሳሉ። የአስርን ሰላት ሰግደው ሲመለሱ ልክ አልቆ ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት።

ማራገቢያ፣ ዲስክ፣ ዝምታ።

«ወላሂ ሁሉንም ነው ያነበብኩልህ!» አሉ ሐጂ፤ ሊያለቅሱ ደርሰው ነበር።

እኔም ለአንድ አፍታ ተጠራጠርኳቸው፤ እውነቱን ልናገር። ቀጥሎ ግንባሬን በመዳፌ መታሁ። ማንኛውም ሳውንድ ካርድ በአዲስ ከርነል መጀመሪያ ሲነሣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ነው የሚነሣው፤ በትእዛዝ ከፍ ማድረግ አለብህ ብሎ መምህሩ ነግሮኛል። እኔም አንድ መስመር ዘልያለሁ ማለት ነው። ትእዛዙን ጻፍኩና፣ ከንዴቴ የተነሣ ይሆናል፣ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፈትኩት። ፈረንጁ የሐጂን መደርደሪያ እያንቀጠቀጠ ጮኸ። ከጎረቤት ሱቆች ሰው ሁሉ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያለ ወጣ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጂ። «ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?»

ፍጥነቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ዓይናችሁ በገጽ ላይ እንደሚሮጥ የእኔ ጆሮም መሮጥ ይወዳል፤ ሌላ ሰው አንድ ቃል እንኳ አይለይበትም።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው አብረውኝ መጡ። የስብሰባው ክፍል ውስጥ አንዱ የኮሚቴ አባል «ስክሪኑ ተረስቷል» ሲል ሐጂ ቀደም ብለው «እሱ ስክሪን አይፈልግም» አሉት፤ ኩራታቸው ከእኔም ባሰ። ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ማሽኑ አስቀድሞ ይብራ አሉ። አበራሁት። ሲነሣ በውስጡ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየዘረዘረ ማንበብ ጀመረ፤ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን። ቀጥሎ ሳውንድ ካርዱ ላይ ደረሰና ትክክለኛ ስሙን፣ ሁለቱን ፊደልና አራቱን ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብሎ ጠራው። ዝርዝሩን ትናንት በገዛ ዓይናቸው ያነበቡት ሐጂ የት እንደ ደረሰ ገምተው አጠገቤ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ምን እያለ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ፍጥነት የሚከተል ጆሮ የእኔ ብቻ ነበር።

«ሁሉ ሰላም ነው ይላል» አልኩ።

ሐጂ ተነፈሱ። ሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ፈረንጁ ነቅቶ ጠበቃቸው። ደብዳቤው ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ ሲሰጡኝ እሑድ ዕለት ፍሎፒ ትፈልጋለህ ለሚለው ጥያቄ ምን ብዬ እንደ መለስኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። አዎ ብዬ ኖሯል፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእነሱ እንዲሰማቸው ፍጥነቱን ቀነስኩና ማሽኑ ደብዳቤውን ከነቀኑ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነ«አክባሪዎ» አነበበላቸው። በሳምንቱ የዝውውር ወረቀቴ ደረሰኝ። ራሱ ማሽኑ ሊያነብልኝ አልቻለም፣ በአማርኛ ነውና፤ እናቴ በጎረቤት አስነብባ እልል አለች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቼ በሐጂ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ወንበር ሳቡልኝ። ከእኔ ጉዳይ ወዲህ ካርዶቹን ካርቶን ውስጥ ማድረግ እንደተዉ፣ በመጡበት ላስቲክ፣ ትክክለኛ ስማቸውን በእስክርቢቶ ጽፈው እንደሚሸጡ ነገሩኝ።

«ታዲያ ገበያ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም ነው።»

እጄን ዘርግቼ መደርደሪያውን ዳሰስኩ። ካርዶቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ላስቲካቸው ላይ አቧራ አለ። ጣቴን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስሄድኩት፤ አንድም የተነካ የለም።

«ሐጂ፣ አንድ ይስጡኝ» አልኩ።

«ለምንህ? ያንተው ይሠራ የለም እንዴ?»

«ይሠራል።»

«ካርቶን የለውም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «በላስቲኩ ይስጡኝ።»